«የናርኒያ ታሪኮች»፦ ሰባቱን መጻሕፍት ከልጄ ጋር አንብበን ከጨረስን በኋላ

ልጄ ዘጠኝ ዓመት በሞላት ሰሞን መምህርቷ አስጠርታ የነገረችኝ ነገር ለብዙ ቀን ከአእምሮዬ አልወጣም። «ድምፅ አውጥታ ስታነብ እንከን አይወጣላትም፤ መጽሐፉን ዘግታ ምን እንዳነበበች ስትጠየቅ ግን የምትመልሰው ጥቂት ነው» አለችኝ። በቤት ውስጥም የማየው ይህንኑ ነበር፤ ልጅቷ ቃላቱን ሳትደናቀፍ ታወርዳቸዋለች፣ ታሪኩ ግን በእጇ አይገባም። እኛ በምንኖርበት በሜሪላንድ ለጥቂት ወራት ወደ አንድ የማጠናከሪያ ትምህርት መስጫ ላክናት። በዚያ የሚሰጧት ከግማሽ ገጽ የማይበልጥ ምንባብና በሥሩ የተደረደሩ የምርጫ ጥያቄዎች ነበሩ፤ ዛሬ ስለ ንብ፣ ነገ ስለ ባቡር፣ ከነገ ወዲያ ስለ ጨረቃ። ልጄ ጥያቄ የመመለሱን ዘዴ ለመደች፤ ማንበብን ግን ጠላች። ስለዚህ ከዚያ አስወጣናትና በሰፈራችን ካለው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የሲ. ኤስ. ሉዊስን «የናርኒያ ታሪኮች» የመጀመሪያ መጽሐፍ ተዋስን። ሰባቱን ለመጨረስ አንድ ዓመት ከአራት ወር ወስዶብናል። ከዚህ በታች የምጽፈው በዚህ ጊዜ ውስጥ ያየሁትን ነው፤ መጽሐፉ ጥሩ ወይም መጥፎ ነው ከማለት ይልቅ፣ የልጅን የንባብ ችሎታ ለማሳደግ ምን ያህል ይጠቅማል፣ የትኛው ክፍሉ ያግዛል፣ የትኛው ክፍሉስ የወላጅን እገዛ ይፈልጋል በሚለው ላይ አተኩራለሁ።

ተከታታዩን ለማያውቅ ወላጅ ባጭሩ ላስተዋውቀው። ሉዊስ እ.ኤ.አ. በ1898 በቤልፋስት የተወለደ፣ ለረጅም ዘመን በኦክስፎርድ የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ያስተማረ ሰው ነው። የመጀመሪያውን መጽሐፍ በ1950 አሳትሞ በየዓመቱ አንድ አንድ እያከለ በ1956 ሰባተኛውን አወጣ፤ የመጨረሻው መጽሐፍም በብሪታንያ ለልጆች መጻሕፍት የሚሰጠውን የካርኔጊ ሜዳልያ አግኝቷል። የሰባቱንም ሥዕሎች የሣለችው ፖሊን ቤይንስ ናት። ታሪኩ የሚጀምረው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከለንደን የአየር ድብደባ እንዲሸሹ ወደ ገጠር የተላኩ አራት ወንድማማቾችና እኅትማማቾች በአንድ ሽማግሌ ፕሮፌሰር ቤት ሲያርፉ ነው። የሁሉም ታናሽ የሆነችው ሉሲ ድብብቆሽ ስትጫወት ወደ አንድ ቁም ሣጥን ትገባለች፤ የተሰቀሉትን የፀጉር ካፖርቶች እየገፋች ወደ ውስጥ ስትዘልቅ እግሯ በረዶ ይረግጣል፤ ከፊቷም በጫካ መካከል ብቻውን የሚበራ የመንገድ መብራት ታያለች፤ የገባችባት አገር ናርኒያ ናት። እያንዳንዱ መጽሐፍ ከ15 እስከ 17 ምዕራፍ አለው፤ አንዱን ምዕራፍ ድምፅ አውጥቶ ማንበብ በእኛ ቤት ሃያ ደቂቃ ያህል ይፈጅ ነበር። ይህ ልክ በአጋጣሚ የተገኘ ቢሆንም እንኳ ለመኝታ ሰዓት ንባብ የተመጠነ ይመስላል፤ ልጅ ሳይሰለች፣ ወላጅም ከሥራ መልስ ሳይዝል አንድ ምዕራፍ ያልቃል።

ተከታታይ ልቦለድ ለልጄ ዓይነት አንባቢ ለምን እንደሚሻል የገባኝ ዘግይቶ ነው። ጎፍና ተንመር የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ1986 ያቀረቡት ቀላል ሐሳብ አለ፤ አንብቦ መረዳት የሁለት ነገሮች ብዜት ነው ይላሉ፤ አንደኛው ፊደልን ወደ ቃል የመለወጥ ችሎታ ሲሆን ሁለተኛው ቋንቋውን የመረዳት ችሎታ ነው። ብዜት ነውና ከሁለቱ አንዱ ዝቅተኛ ከሆነ ሌላው የቱንም ያህል ቢያድግ ውጤቱ ብዙ አያድግም። የልጄ የመጀመሪያው ችሎታ ከፍ ያለ ነበር፤ የጎደላት ሁለተኛው ነው፤ እሱ ደግሞ ከቃላት ብዛት፣ ከአረፍተ ነገር አወቃቀርና ስለ ጉዳዩ አስቀድሞ ከሚታወቅ ነገር የሚገነባ ነው። በየቀኑ ርእሱ የሚለዋወጥ ምንባብ ልጁን ሁልጊዜ ባዶ እጁን ያስጀምረዋል። ስለ ንብ ያወቀው ስለ ባቡር ለማንበብ አይረዳውም። ተከታታይ መጽሐፍ ግን ስንቁን ይዞ እንዲጓዝ ያደርገዋል፤ የአገሩን ካርታ፣ የሰዎቹን ጠባይ፣ የጸሐፊውን አነጋገር በመጀመሪያው መጽሐፍ ከተማረ በሚቀጥሉት ስድስቱ ላይ ይጠቀምበታል።

መጀመሪያው ግን ከባድ ነበር፤ ይህን አልሸሽግም። የመጀመሪያዎቹን አራት ምዕራፎች ልጄ ብቻዋን ብትጀምራቸው ኖሮ እርግጠኛ ነኝ ትተዋቸው ነበር። ስለዚህ እነዚያን እኔ አነበብኩላት፤ ከአምስተኛው ጀምሮ ገጽ በገጽ እየተቀባበልን ቀጠልን፤ ሦስተኛውን መጽሐፍ ስንደርስ እሷ እያነበበች እኔ አዳማጭ ሆንኩ።

ለውጡን መጀመሪያ ያየሁት በትንሽ ነገር ነው። ሉሲ ወደ ቁም ሣጥኑ ስትገባ በሩን ክፍት ትታዋለች፤ ጸሐፊውም ራስን በቁም ሣጥን ውስጥ መቆለፍ ትልቅ ሞኝነት እንደሆነ ስለምታውቅ ነው ይላል። ይህንኑ ማሳሰቢያ በጥቂት ገጾች ውስጥ ደጋግሞ ያነሣዋል። እኔ ልጆች እንዳይታፈኑ የተሰጠ ምክር ብቻ መስሎኝ ባለፍኩት ቁጥር ልጄ ዝም ብላ ትሰማ ነበር። ኤድመንድ እኅቱን ለማብሸቅ ተከትሏት ሲገባ ግን እጇን በገጹ ላይ አሳረፈችና አስቆመችኝ። «በሩን ዘጋው!» አለች። «ሉሲ አልዘጋችም፣ እሱ ግን ዘጋው። እሱ ነው ችግር የሚያመጣው።» ኤድመንድ ወንድሙንና እኅቶቹን ናርኒያን ለምትገዛው ለነጭዋ ጠንቋይ አሳልፎ እንደሚሰጥ ገና አላነበብንም ነበር። ልጄ አንድን ትንሽ ድርጊት ከሌላው ጋር አስተያይታ የሰውየውን ጠባይ ገመተች፤ ግምቷም ትክክል ሆኖ አገኘችው። ፒተር ከጊዜ በኋላ በሩን ገጠም አድርጎ ሳይቆልፍ ሲይዘው ደግሞ ወደ እኔ ዞር ብላ «እሱ ያውቃል» አለችኝ። መምህርቷ የጎደለ ነው ያለችው ነገር ይህ ነበር፤ በግማሽ ገጽ ምንባብ ውስጥ ደግሞ ይህን ዓይነት ነገር ለመዝራትና ለማጨድ ቦታ አይኖርም።

ወደ ቃላቱ ልለፍ። ሄይስና አረንስ በ1988 ባደረጉት ቆጠራ በልጆች መጻሕፍት ውስጥ ከየ1000 ቃላቱ ወደ 31 የሚሆኑት በዕለታዊ ንግግር ብዙ የማይሰሙ ቃላት ሆነው ሲገኙ፣ ኮሌጅ የጨረሱ አዋቂዎች እርስ በርስ ሲጫወቱ ግን ቁጥሩ ወደ 17 ዝቅ ይላል። ይህ ለእኛ ለስደተኛ ወላጆች የተለየ ትርጉም አለው። በቤታችን የምንናገረው አማርኛ ነው፤ እንግሊዝኛችን የሥራ እንግሊዝኛ ነው። ልጆቻችን የእንግሊዝኛውን ሰፊ የቃላት ሀብት ከእኛ አንደበት አያገኙትም፤ ሊያገኙት የሚችሉት ከመጽሐፍ ነው። ሉዊስ ደግሞ ለልጅ ብሎ ቃል አይቀንስም። ረጃጅም አረፍተ ነገሮች ይጠቀማል፤ ነገር ግን በየመካከሉ አንባቢውን በቀጥታ እያነጋገረ፣ አንተም ደርሶብህ ያውቅ ይሆናል እያለ ይወስደዋል፤ አሳቡ ቢረዝምም ልጁ እጁን እንደተያዘ ይሰማዋል።

ከሰባ ዓመት በላይ የቆየ እንግሊዝኛ መሆኑ እንቅፋትም ትምህርትም ነው። በመጀመሪያው ምዕራፍ ልጆቹ ዝናቡ ሲያግዳቸው በቤቱ ውስጥ «ዋየርለስ» እና ብዙ መጻሕፍት እንዳሉ ይባባላሉ። ልጄ ይህን ስትሰማ «ታዲያ ኢንተርኔት ካላቸው ለምን ይሰለቻሉ?» አለችኝ። መልሱን ከመናገሬ በፊት ጦርነቱ መቼ እንደነበር፣ በዚያ ጊዜ ቤት ውስጥ ምን እንደነበረ እንድታስብ ጠየቅኋት፤ ትንሽ ቆይታ ሬዲዮ መሆን አለበት አለች። ከዚያ በኋላ የማታውቀው ቃል ሲያጋጥማት ወዲያው ከመጠየቅ ይልቅ ከዙሪያው ያሉትን ቃላት የመመርመር ልማድ ያዘች። በየገጹ እያስቆሙ ቃል መተርጎም ታሪኩን እንደሚገድለው ስለተረዳሁ በአንድ ምዕራፍ ከሦስት ቃል በላይ ላለማብራራት ወሰንኩ፤ ሌሎችም ወላጆች ይህን ቢሞክሩት እመክራለሁ።

ከሁሉ የበለጠ ፍሬ ያየሁበት ግን መጽሐፉ ራሱ የማይሰጠው ነገር ነው። ቅዳሜ ጠዋት፣ አዲስ አበባ አመሻሹ ላይ፣ ልጄ ለአያቷ ስልክ ትደውላለች። ቀድሞ ጥሪው ከ«ደኅና ነሽ፣ ደኅና ነኝ» አያልፍም ነበር። ከናርኒያ በኋላ ግን በሳምንቱ ያነበበችውን በአማርኛ መተረክ ሥራዋ ሆነ። አያቷም «ተረት ተረት» ይሏታል፤ እሷም «የላም በረት» ብላ ትጀምራለች።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ናርኒያ በጠንቋይዋ ምክንያት ሁልጊዜ ክረምት የሆነባት፣ የገና በዓል ግን የማይመጣባት አገር መሆኗን ተናገረች። አያቷ አቋረጧት። «ክረምት ከሆነማ ገና እንዴት ይመጣል የኔ ልጅ? ገና የበጋ ነው እኮ።» ልጄ ግራ ገባት። «ክረምት» ብላ የተረጎመችው ቃል ለአያቷ ሐምሌና ነሐሴ፣ ዝናብና ጭቃ ነው፤ «በረዶ» ያለችውም ከደመና ወርዶ ቆርቆሮ የሚያንኳኳው ነው እንጂ መሬት ሸፍኖ ለወራት የሚተኛው አይደለም። ስለዚህ ቃሉን ትታ ነገሩን ማስረዳት ነበረባት፤ ዛፎቹ ቅጠል እንደሌላቸው፣ ወንዙ እንደ ድንጋይ እንደጠነከረ፣ እግር ሲረግጠው ነጩ ነገር እንደሚንኮሻኮሽ ባላት አማርኛ ሁሉ ገለጸች። ከቃል ወደ ቃል መተርጎም እንደማይበቃ፣ መጀመሪያ ነገሩን በዓይነ ኅሊና ማየት እንደሚያስፈልግ ያን ቀን ተማረች። አንብቦ መረዳት ማለት ይኸው አይደለምን?

ሌላም ቀን አለ። ስድስተኛው መጽሐፍ ርእሱ ላይ አንድ አስማተኛና የእኅት ወይም የወንድም ልጁን ይጠቅሳል፤ እንግሊዝኛው ለሁለቱም አንድ ቃል ብቻ ስላለው ልጄ አላሰበችበትም ነበር። አያቷ ግን ታሪኩን ከመስማታቸው በፊት «ለአስማተኛው የወንድሙ ልጅ ነው ወይስ የእኅቱ?» ብለው ጠየቁ። በአማርኛ ይህን ሳያውቁ ወሬውን መጀመር አይቻልማ። ልጄ ስልኩን አስቀምጣ መጽሐፉን አመጣችና መፈለግ ጀመረች። የአጎትየው የቤተሰብ ስም ከልጁ የቤተሰብ ስም እንደሚለይ፣ የታመመችውም እናት በአጎትና በአክስት ቤት መተኛቷን አገናኝታ «የእኅቱ ልጅ ነው፣ እማማ» ብላ መለሰች። ለመልሷ ማስረጃ ፍለጋ ወደ ጽሑፉ ተመልሳ ስትገባ ያየኋት የመጀመሪያ ጊዜ ያ ነበር፤ ያስገደዳትም የምርጫ ጥያቄ ሳይሆን የአማርኛ የዝምድና ቃል ነው።

ለፊደሉም ጠቅሞናል። ለአያቷ የምትተርከውን እንዳትረሳ የሰዎቹንና የእንስሳቱን ስም በአማርኛ በአንድ ደብተር ጻፈች። «ጠንቋይ» የሚለውን ለመጻፍ «ቋ» አስፈለጋት፤ ዲቃላ ፊደላቱን ከዚያ በፊት ቅዳሜና እሑድ በሚሰጠው የአማርኛ ትምህርት ላይ ዘልላቸው ነበር። አሁን ግን ጠንቋይዋ በየገጹ ስለምትመጣ «ቋ» ከማንኛውም ፊደል በላይ ተደጋግሞ የተጻፈ ሆነ። ተከታታይ መጽሐፍ በእንግሊዝኛ ብቻ እያነበቡ የአማርኛ ንባብ ይዳብራል አልልም፤ ለእሱ በአማርኛ የተጻፈ መጽሐፍ የግድ ያስፈልጋል። ሆኖም በአማርኛ ለመናገር የምትጓጓበት ነገር ማግኘቷ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው።

ሰባቱ መጻሕፍት እኩል አይደሉም። ሁለተኛው፣ ስለ ልዑል ካስፒያን የሚናገረው፣ ልጄን ያሰለቻት ብቸኛው ነው። ልጆቹ ወደ ናርኒያ ከተመለሱ በኋላ አንድ ድንክ ያለፈውን ታሪክ ይተርክላቸዋል፤ ትረካው ብዙ ምዕራፍ ስለሚወስድ የምትወዳቸው አራቱ ልጆች ከመድረኩ ይጠፉባታል። እዚህ ላይ የተነበበላትን ድምፅ ማዳመጥ አተረፋት፤ በራሷ ብትሆን ታቆመው ነበር። ሦስተኛው፣ የባሕር ጉዞው ታሪክ፣ ግን ብቻውን ለማንበብ ለሚጀምር ልጅ ከሁሉ የተመቸ ነው ብዬ አምናለሁ። መርከቧ ከደሴት ወደ ደሴት ትሄዳለች፤ እያንዳንዱ ደሴት ራሱን የቻለ ጀብዱ ስለሆነ ልጁ በሁለትና ሦስት ምዕራፍ አንድ ሙሉ ታሪክ የመጨረስ ደስታ ያገኛል። በዚያ ላይ ዩስታስ የሚባለው ቀልበ ቢስ ልጅ አለ፤ ስለ ንግድና ስለ መንግሥታት የሚያወሩ መጻሕፍት ብቻ ያነበበ በመሆኑ ዘንዶ ሲያጋጥመው ምን እንደሆነ እንኳ አያውቅም፤ በኋላም በዘንዶው ሀብት ላይ ተኝቶ ሲነቃ ራሱን ዘንዶ ሆኖ ያገኘዋል። የታሪኩ አንድ ክፍል የሚነገረው በዩስታስ ማስታወሻ ነው፤ ልጁም ሁሉንም ነገር ለራሱ አመቻችቶ ይጽፋል። ልጄ እሱ የጻፈውንና ሌሎቹ ያዩትን እያነጻጸረች «ውሸቱን ነው» ትል ነበር። ተራኪን መጠራጠር ትልልቆች እንኳ የሚቸገሩበት የንባብ ደረጃ ነው። በአራተኛው መጽሐፍ ደግሞ አስላን የተባለው አንበሳ ጂል ለተባለች ልጅ አራት ምልክቶች ሰጥቶ ጠዋትና ማታ እየደገመች በቃሏ እንድትይዛቸው ያዛታል። ልጄም አብራት በቃሏ አጠናች፤ ጂል ስትዘነጋ እሷ ታስታውስ ነበር፤ ያም ከገጽ ወደ ገጽ ነገር ይዞ የመሄድን ልምድ በሚገባ አጠነከረላት።

ስለ ንባቡ ቅደም ተከተል ጥቂት ማለት ግድ ይለኛል፤ ምክንያቱም ዛሬ በመደብር የሚሸጡት እትሞች ቁጥር ሊያሳስት ይችላል። ከ1994 ወዲህ አሳታሚው መጻሕፍቱን በታሪኩ የጊዜ ቅደም ተከተል ስለሚቆጥር «1» የተባለው በ1955 የወጣው የአስማተኛው ታሪክ ነው። ሉዊስ ራሱ በ1957 ለአንድ አሜሪካዊ ልጅ በጻፈው ደብዳቤ ወደዚህኛው ቅደም ተከተል ማድላቱን ገልጾ፣ ነገሩ ያን ያህል ለውጥ ላያመጣ እንደሚችልም ጨምሯል። እኔ ግን ለልጆች ንባብ ሲባል በታተሙበት ቅደም ተከተል መሄድ አለበት ባይ ነኝ። በጫካ መካከል የሚበራው መብራት ከየት መጣ የሚለው ጥያቄ በልጄ ልብ ከአንድ ዓመት በላይ ቆይቷል። የአስማተኛውን መጽሐፍ ስናነብ ጠንቋይዋ ለንደን ላይ ከመንገድ መብራት የገነጠለችው ብረት በአዲሲቱ ናርኒያ አፈር ላይ ወድቆ እንደ ተክል ሲበቅል ልጄ ከአልጋዋ ተነሥታ ቆመች። በመጨረሻው ምዕራፍ ደግሞ በነፋስ ከወደቀው የፖም ዛፍ ጣውላ ቁም ሣጥን ተሠራ የሚለው ሲመጣ እኔ ጨርሼ ሳላነብ ዓረፍተ ነገሩን እሷ ጨረሰችው። መልሱን መጀመሪያ ከሰጠናቸው ጥያቄው አይወለድም፤ ጥያቄ ያልያዘ ልጅ ደግሞ ገጽ የሚገልጥበት ምክንያት ያንሰዋል።

አሁን ከልብ ስለሚያሳስበኝ ነገር ልናገር። በአምስተኛውና በሰባተኛው መጽሐፍ ካሎርመን የሚባል፣ ከናርኒያ በስተ ደቡብ ከበረሃ ማዶ ያለ አገር አለ። ሕዝቡ ፊታቸው የጠቆረ፣ ጥምጣም የሚጠመጥሙ፣ ቆልማማ ሰይፍ የሚታጠቁ፣ ባሪያ የሚሸጡ ተደርገው ቀርበዋል፤ በሰባተኛውም ድንኮቹ በቆዳቸው ቀለም ሲሰድቧቸው እናነባለን። ልጄ አምስተኛውን ስታነብ ዝም አለች፤ ከዚያም «ክፉዎቹ ለምንድን ነው እኛን የሚመስሉት?» ብላ ጠየቀችኝ። ከዚህ ሁሉ ንባብ ውስጥ እንደዚያች ጥያቄ የከበደኝ ነገር የለም። መጽሐፉን ዘግቼ ለመተው አስቤ ነበር። በመጨረሻ ያደረግሁት ግን ቁጭ ብለን መነጋገር ነው። ጸሐፊው በየትኛው ዘመንና አገር እንደኖረ፣ በዚያ ዘመን ብዙ የእንግሊዝ መጻሕፍት የምሥራቅንና የደቡብን ሰዎች እንዴት እንደሚስሉ፣ ስሕተቱም በእኛ መልክ ሳይሆን በጸሐፊው እይታ ውስጥ እንዳለ ነገርኳት። አራቪስ የተባለችው የካሎርመን ልጅ ከታሪኩ ጀግኖች አንዷ መሆኗን፣ በሰባተኛውም ኤሜት የተባለ የካሎርመን ወታደር በቅንነቱ የተነሣ በአስላን ፊት ሞገስ ማግኘቱን አብረን አየን። ይህ ግን ሥዕሉን ሙሉ በሙሉ አያቃናውም፤ እንደሚያቃናው አድርጌም አልነገርኳትም። ጽሑፍን እየወደዱ መንቀፍ እንደሚቻል ማወቅ የንባብ ችሎታ አካል ነው፤ ነገር ግን ልጅ ይህን ብቻውን እንዲጋፈጠው መተው የለበትም። እነዚህን ሁለት መጻሕፍት ለልጃችሁ ሰጥታችሁ ወደ ሌላ ክፍል እንዳትሄዱ አጥብቄ እለምናለሁ።

ሰባተኛው በሌላም ምክንያት ጥንቃቄ ይሻል። የናርኒያን ፍጻሜና የምንወዳቸውን ሰዎች ሞት የሚተርክ ሲሆን፣ ሱዛን ከወንድሞቿና ከእኅቷ የምትለይበት መንገድ፣ ለከንፈር ቀለምና ለግብዣ ብቻ የምታስብ ሆነች ተብሎ በጥቂት መስመር መታለፉ፣ ልጄን አስቆጥቷታል። እኔንም አላሳመነኝም። በመጀመሪያው መጽሐፍ የተዋወቅናት ሱዛን እንዲህ ባለ አጭር ፍርድ የምትሸኝ አልነበረችም። ልጄ በዚህ ተነሣሥታ ለሱዛን ሁለት ገጽ ደብዳቤ ጻፈች፤ በፈቃዷ፣ ማንም ሳያዝዛት የጻፈችው የመጀመሪያው ረጅም ጽሑፍ እሱ ነው። በክርስትና ቤት ያደገ ልጅ የአስላንን መሥዋዕትነትና ትንሣኤ ሲያነብ የሰሙነ ሕማማትን ታሪክ ወዲያው ያስተውላል፤ የእኔም ልጅ አስላን በድንጋዩ ጠረጴዛ ላይ በሚሠዋበት ምዕራፍ «ይህን አውቀዋለሁ» ብላኛለች። የሌላ እምነት ቤተሰቦች ታሪኩን እንደ ታሪክ ማንበብ ቢችሉም ይህ መሠረት እንዳለው አስቀድመው ቢያውቁት መልካም ነው።

ስለ እትሙም ልጨምር። እኔ መጀመሪያ የገዛሁት ሰባቱን በአንድ ጥራዝ የያዘውን ነው፤ ከ700 ገጽ በላይ የሆነ መጽሐፍ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ተኝታ ልትይዘው አትችልም፤ ጽሑፉም ጠባብ ነው፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ መጨረሻው የማይታይ ያስመስለዋል። መልሼ በሳጥን የተደረደሩትን ሰባት ቀጫጭን መጻሕፍት ገዛሁ። አንዱን ጨርሶ ወደ ሳጥኑ መመለስና ሌላውን መሳብ ለልጅ የሚታይ እርምጃ ነው፤ ልጄ የጨረሰቻቸውን ጀርባቸውን ወደ ውስጥ አዙራ ታስቀምጥ ነበር። የፖሊን ቤይንስ ሥዕሎች ያሉበትን እትም ምረጡ፤ ካርታዎቹ ለንባቡ ትልቅ እገዛ ናቸው፤ ልጄ መርከቧ ስትጓዝ በጣቷ ትከተላት ነበር። ሰባቱን ሰባት የተለያዩ ተዋንያን ያነበቡበት የድምፅ ቅጅም አለ፤ የመጀመሪያውን ማይክል ዮርክ፣ የመጨረሻውን ፓትሪክ ስትዋርት አንብበውታል። በመኪና ስንሄድ ሁለተኛውን መጽሐፍ የገፋነው በዚህ ነው፤ መጽሐፉን ይዛ በዓይኗ እየተከተለች ስትሰማ ረጃጅሞቹ ዓረፍተ ነገሮች የት እንደሚያርፉ ለመደች። ከመጀመሪያው መጽሐፍ የተሠራውን የ2005ቱን ፊልም ከንባቡ በኋላ ብቻ ብታዩት ይሻላል። ፊልሙ በለንደን ድብደባ ይጀምራል፤ መጽሐፉ ያንን በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልፈዋል፤ ልጄ ይህን ልዩነት አስተውላ ለምን እንደተለወጠ ስትከራከር ነበር። አስቀድማ አይታው ቢሆን ኖሮ በረዶውንም አንበሳውንም የራሷ አድርጋ ባልሣለቻቸው።

ለማን ይሆናል ለሚለው፣ ገና ፊደል ቆጥሮ ቃል ለመመሥረት ለሚታገል ልጅ ራሱ እንዲያነበው አይሰጥም፤ ለእንዲህ ያለው ልጅ ሊነበብለት ግን ይችላል። የልጄ ታናሽ ወንድም ስድስት ዓመቱ ነው፤ ማንበቡን ገና እየጀመረ ነው። ባለፈው ሳምንት የመጀመሪያውን መጽሐፍ ከሳጥኑ አወጣችና አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ታነብለት ጀመር። እኔ ከበሩ ውጭ ቆሜ እሰማ ነበር። ኤድመንድ ወደ ቁም ሣጥኑ ከሚገባበት ገጽ ላይ ስትደርስ ማንበቧን አቆመችና «በሩን ምን አደረገው?» ብላ ጠየቀችው።